ቀይ መረብ የለበሰው ገውዝ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ሱዳን ካላክላ ገበያ፣ ቅመም ሻጩ አንድ ገውዝ ሰብሮ መዳፌ ላይ አኖረልኝ። «ያ ሃጃ፣ ያሽትቱት እስቲ!» አለ። አሸተትሁት። ዐማራት ሰፈር ተቀጥሬ የሠራሁበት ወጥ ቤት መጣብኝ፤ የማራገቢያው ሲርታ፣ በመጋረጃው ሥር የሚገባው ቢጫ ብርሃን።

ያኔ ወጣት ነበርሁ። ከሰባት ዓመት ልጄ ጋር ጓሮው ክፍል እንኖር ነበር። አሠሪዬ ማዳም የግሬናዳ ሰው ናት፤ ካሪቢያን ባሕር ላይ ያለች ትንሽ ደሴት። ባሏ ሱዳናዊ ስለሆነ ልጆቿ የሚሰሙት ዐረብኛ ብቻ ነው። ዓርብ ጠዋት ምንጣፍ ላይ አስቀምጣ፣ በተሰባበረ ዐረብኛ አገሯን ታስተምራቸው ነበር። ልጄንም ጠራቻት። «ነይ፣ አንቺም ልጄ ነሽ።»

እኔ ሰሃን እያደረቅሁ በበሩ እሰማ ነበር። ተራራው አናት ላይ ሐይቅ አለ፤ ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን ቀይና ቢጫ ይቀባሉ፤ ሴቶቹ ገውዝ ሲለቅሙ ይዘፍናሉ። ከዚያ ዘፈኑን በጭብጨባ ታስጠናቸዋለች። ከሁሉም ጎልቶ የሚሰማው የልጄ ድምፅ ነበር።

አንድ ዓርብ ልጄ ወጥ ቤት ገባች።

«ማማ፣ አገራችን ባሕር አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምን አለ?»

«ያላ፣ ሥራ አታስፈቺኝ።»

ኮምቦልቻ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። የወሎን ካርታ ሳላይ እሥል ነበር። ለልጄ አንድ ቀን ሥዬላት አላውቅም።

ከዚያ የማዳም እናት ከደሴቱ አንድ ገውዝ ላከች፤ ቀይ መረብ የመሰለ ልባሱ እንኳ አልወለቀም። ልጆቹ ተቀባበሉት። ልጄ ጉንጯ ላይ አስጠግታ፣ ዓይኗን ጨፍና ያዘችው። ቀናሁ። ሌላ ስም የለውም።

በማግሥቱ ለወጡ መከለሻ ስወቅጥ ያን ገውዝ ከመደርደሪያው አንስቼ ከነመረቡ ሙቀጫው ውስጥ ጣልሁት። ከሱቅ የተገዛ ገውዝ አጠገቤ ነበር።

ምሳ ላይ ሁሉም ወጡን አመሰገኑ። ማዳም ባዶውን መደርደሪያ አየች፤ ቀጥሎ እኔን። አልተቆጣችም። በሚቀጥለው ዓርብ ግን ምንጣፉ ፊት ወንበር አኖረች።

«ዛሬ አንቺ አገርሽን ንገሪያቸው።»

ልጄ ብድግ ብላ ወንበሩን በቀሚሷ ጠረገችልኝ።

«ድስቱ ያርርብኛል» ብዬ ተመለስሁ። ምድጃው ላይ ድስት አልነበረም። ልጄ ከዚያ ወዲህ ስለ አገራችን ጠይቃኝ አታውቅም።

ያ ቤት ከጦርነቱ ወዲህ ጣሪያ የለውም ይባላል። ልጄ ካይሮ ናት። ትናንት ልጇ ስልኩን ተቀበላት።

«አያቴ፣ አገርሽ ተራራው አናት ላይ ሐይቅ አለ አይደል? ማማ ነግራኛለች።»

«እሱ የሌላ ሰው አገር ነው።»

«ታዲያ ያንቺ አገር ምን አለ?»

ቦርከና ወንዝ አለ ልለው ፈለግሁ። የጠዋቱን ጉምም። ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። እሱ ግን፣ «እሺ፣ የገውዝ ለቃሚዎቹን ዘፈን ታውቂዋለሽ?» አለኝ።

አውቀዋለሁ። አንድም ቃል አልጠፋኝም።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ እየዘፈንሁ አጨበጨብሁለት።