አራተኛው መስመር

ለንስሐ አባቴ ስካሬን ነግሬያቸዋለሁ። ጾም መሻሬን፣ ወንድሜን ሦስት ዓመት ማኩረፌን፣ በሐሰት መማሌን ሳይቀር ነግሬያቸዋለሁ። ይህችን ግን በተናዘዝኩ ቁጥር ዘልያት አልፌአለሁ። ባለቤቴ ወይንሸት ታውቃታለች፤ የምታውቃትም ስለነገርኳት ሳይሆን አብራኝ ስለነበረችበት ነው። ከእሷ ሌላ የምትሰሙኝ እናንተ የመጀመሪያዎቹ ናችሁ። ስትሰሙም እንዳታዝኑልኝ። እኔ ራሴ በዚህ ነገር አልቅሼ አላውቅም።

ያደረግሁት ይህ ነው። የሞተች ልጅ ድምፅ አጠፋሁ። አጥፍቼም ዝም አላልኩም፤ የሌላ ሴት ድምፅ በቦታው ተክቼ ለአባቷ «ይኸውልዎት ልጅዎ» ብዬ ሰጠኋቸው።

ታደለ እባላለሁ፤ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ሬዲዮና ቴፕ ስጠግን ነው የኖርኩት። ወጣት ሳለሁ ጅማ ላይ ከተበተነ አንድ የሙዚቃ ቡድን ባለ አራት መስመር መቅረጫ ገዝቼ ነበር። የሚጎርሰው ተራ ካሴት ነው፤ ግን አራት ድምፅ በአራት መስመር ለየብቻ ይይዛል። አንዱን ዝም አሰኝቶ ሌላውን ብቻ መስማት ይቻላል። አንዱን አጥፍቶ በቦታው ሌላ መቅረጽም ይቻላል፤ የቀሩት ሦስቱ ምንም ሳይሆኑ ባሉበት ይቀመጣሉ። ያኔ በዚህ ችሎታው ሰው ፊት እኩራራበት ነበር።

ጋሽ አድማሱ ከጌጫ ወርደው የመጡት በዚያ ዘመን ነው። ንብ ያረባሉ፣ ሰርግ ሲኖር ክራር ይመታሉ። ልጃቸው ብርቱካን ልታገባ ሁለት ሳምንት ቀርቷት ነበር። ሙሽራ ከአባቷ ቤት ስትወጣ የምትለው ዜማ አለ፤ እሱን በአገራቸው በሸካ ቋንቋ እሷ እየዘፈነች እሳቸው እየመቱ እንድቀርጽላቸው ፈለጉ። «ባሏ ቴፒ ሊወስዳት ነው። ድምፅ እንኳን ይቅርልኝ» አሉ። ክራሩን በአንደኛው መስመር፣ ከበሮውን በሁለተኛው፣ የጓደኞቿን ጭብጨባ በሦስተኛው፣ ብርቱካንን በአራተኛው ቀረጽኩ።

አራቱን መስመር አዋህጄ በተራ ካሴት መስጠት ነበረብኝ። የማዋህድበት ሁለተኛ ቴፕ ተበላሽቶብኝ ነበርና «ለጊዜው ይህን ይያዙት፣ ሌላ ቀን ይምጡ» አልኳቸው። ሌላ ቀን ሳይመጡ ዓመት ሞላ፤ ብርቱካንም ቴፒ ላይ በወባ ሞተች። እመቤት የምትባል መዳህ ያልጀመረች ሕፃን ትታ ነበር። ጋሽ አድማሱ ልጅቷን ጌጫ ወስደው አሳደጓት።

ሚሊኒየሙ በተከበረ ማግስት፣ ኅዳር ላይ፣ ካሴቱን በፌስታል ጠቅልለው ቤቴ መጡ። እኔ ያኔ ኮምፒውተር ገዝቼ የሰውን አሮጌ ካሴት ቤቴ ውስጥ ወደ ሲዲ እገለብጥ ነበር። ያንን ሰምተው ነው። አራት መስመር ያለው ካሴት በተራ ቴፕ ሲከፈት ምን እንደሚሆን እኔ አውቃለሁ፣ ሁለቱ መስመር በአንዱ ፊት ተጎትቶ፣ ሁለቱ በሌላው ፊት ተገልብጦ ይሰማል፤ እሳቸው ግን ስምንት ዓመት ሙሉ ምስጢሩ አልገባቸውም።

«ታደለ ልጄ፣ ይሄ ነገር ተቸገርኩ» አሉኝ። «በአንድ ፊት ሲሆን እኔ የሰከርኩ መስዬ ክራር እመታለሁ። ስገለብጠው እሷ ወደ ኋላ ታወራለች። ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሰማኋት። አሁን ወደ ፊት አሰማኝ።»

ከዚህ የቀለለ ልመና ሰምቼ አላውቅም። «ነገ ይምጡ» አልኳቸው። እዚሁ አጠገባችን አማን ከተማ ዘመድ ቤት ሊያድሩ ሄዱ።

የእኛ አገር ዝናብ ካሴት አይምርም፤ ጠርዙ ሻግቶ ነበር። በጥጥና በአልኮል ጠረግሁት። ኮምፒውተሬ በአንድ ጊዜ የሚቀበለው ሁለት መስመር ብቻ ስለሆነ መጀመሪያ ክራሩንና ከበሮውን አስገባሁ። ሸጋ ሆኖ ገባ። ቀጥዬ ጭብጨባውንና የእሷን ድምፅ፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን ማለት ነው፣ ለሙከራ ትንሽ አጫውቼ ኮምፒውተሩ ላይ ያዝኩ። አሥራ አንድ ሰከንድ። ድምፁ ደህና መሆኑን አይቼ አቆምኩ፤ ካሴቱን ወደ መጀመሪያው መለስኩ።

አሁን ልብ በሉ። ስቀርጽ የኖርኩት ሁለት ቁልፍ አብሬ እየተጫንኩ ነው፤ ማጫወቻውንና ቀዩን መቅጃ። የዚያን ቀን መቅዳት ያለበት ኮምፒውተሩ እንጂ ቴፑ አልነበረም። ጣቴ ግን የለመደውን አደረገ፣ ሁለቱንም ተጫነ። ከዚያ በፊት የሰንበት ተማሪዎች ስቀርጽ አራተኛውን መስመር ለመቅጃ ከፍቼ ረስቼው ኖሯል። ማይክ አልተሰካም። ስለዚህ መቅረጫው በብርቱካን ላይ ዝምታ መቅረጽ ጀመረ።

ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ብቀመጥ ኖሮ ወዲያው እሰማ ነበር። አልተቀመጥኩም። ዝናብ ጣል ጣል ሲል ግቢ ያሰጣሁት ቡና ትዝ አለኝና ሸራ ላለብሰው ሮጥኩ። ምን ያህል ቡና ነበር? አንድ ጆንያ የማይሞላ። ሸራውን ወጠርኩ፣ ጠርዙን በድንጋይ ያዝኩ፣ እጄን ታጠብኩ። የሰው ልጅ ድምፅ እየጠፋ እኔ እጄን እታጠብ ነበር። ስመለስ ዘፈኑ አልቋል። ኮምፒውተሩ ላይ ጭብጨባው ከፍ ዝቅ ይላል፤ ከሥሩ ያለው የእሷ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ መስመር ነው። ካሴቱን መልሼ አጫወትኩት። የለችም።

ምን ተሰማኝ? ምንም። እጄ ሳሙና ሳሙና ይሸት እንደነበር ብቻ አስታውሳለሁ።

እስከዚህ ድረስ ያለው ስህተት ነው፤ ስህተትን እግዜርም ሰውም ይቅር ይላል። ጋሽ አድማሱ ፊት ቆሜ «አጠፋሁብዎት» ብል ያለቅሱ ነበር፣ ምናልባት ይረግሙኝ ነበር፣ ከዚያ ያበቃ ነበር። ለምን አላልኩም? ሰው «የታደለ እጅ» እያለ ያሞግሰኝ ስለነበር? አንድ ሽማግሌ ፊት ማፈር እንዲህ ያስፈራል? ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ።

የወይንሸት እናት የሸካ፣ የማሻ ሰው ናቸው። ዜማውን ከልጅነቷ ታውቀዋለች፤ ድምጿም ያማረ ነው። የመጨረሻ ልጃችንን ስድስት ወር እርጉዝ ነበረች። የሆነውን ነገርኳትና አራተኛው መስመር ላይ እንድትዘፍን ለመንኳት።

«ታዴ፣ ይሄ ግፍ ነው» አለችኝ።

«ሽማግሌውን ልትገድያቸው ነው?» አልኳት። አያችሁ? የገዛ ኃፍረቴን እሳቸውን አስለብሼ ለሚስቴ አሳየኋት። እሷም አዘነችላቸው። አዝና ዘፈነች። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሆዷ ገፍቷት ትንፋሽ አጠራት፤ መሃል ላይ ቆርጣ ተነፈሰችና ቀጠለች። «ልድገመው?» ስትለኝ «ይበቃል» አልኳት። አራቱን መስመር አዋህጄ ሲዲ ላይ አሰፈርኩ። ክራሩ የእሳቸው፣ ከበሮው የዚያ ቀን ከበሮ፣ ጭብጨባው የእውነተኛ ጓደኞቿ። ውሸቱ አንድ መስመር ብቻ ነበር።

በማግስቱ ጋሽ አድማሱ ወንበር ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። የራሳቸውን ክራር ሲሰሙ ጣቶቻቸው ጉልበታቸው ላይ አብረው ይመቱ ጀመር። ከዚያ ድምፁ ገባ። ጣታቸው ቆመ። እስከ መጨረሻው ሳይንቀሳቀሱ ሰምተው ዓይናቸውን ገለጡ።

«ያን ቀን ጉንፋን ይዟት ነበር እንዴ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አዎ ጋሼ፣ ይዟት ነበር» አልኩ።

«እኔ አላወቅኩም። ልጄን ታማ ነው እንዴ ያዘፈንኳት?» አሉና ማልቀስ ጀመሩ። ስለ ሞቷ አልነበረም ያን ቀን ያለቀሱት። ስላልነበረ ጉንፋን ነው። እኔም አጠገባቸው ቆሜ «አይዞዎት፣ ቀላል ነበር» አልኳቸው። ይህን ብዬአለሁ፤ በዚህ አፌ።

ከዚያ ወዲህ ሚዛን በወረዱ ቁጥር ማር ያመጡልኝ ነበር። በላሁት። ልጆቼም በሉት።

የከፋውን ግን ገና አልነገርኳችሁም። ለሙከራ የያዝኳት አሥራ አንድ ሰከንድ ኮምፒውተሩ ውስጥ አለች። ካሴቱን ሳጠፋ እሷ አልጠፋችም። እዚያ ላይ ብርቱካን አትዘፍንም፤ ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት አባቷን ታናግራለች። በአማርኛ ነው፤ እኔም እንድሰማ ብላ ይመስለኛል። ድምጿ ቀጠን ብሎ ከአፍንጫ የሚወጣ ነው፤ ከወይንሸት ጋር ጭራሽ አይገናኝም። «አባዬ፣ ፈጠንክብኝ። ቀስ በል፣ እንደገና» ትልና ትስቃለች። ሳቋ ሳያልቅ ይቆረጣል።

ይህችን ለጋሽ አድማሱ መስጠት እችል ነበር። ልጃቸው «አባዬ» ስትላቸው መስማት ይችሉ ነበር። ግን ይህችን የሰማ ሲዲው ላይ ያለችው ሌላ መሆኗን ያውቃል። ስለዚህ ደበቅኋት። አንድ ቀን አይደለም፤ ስድስት ዓመት፣ ማር ይዘው በመጡ ቁጥር፣ እንደ አዲስ ደበቅኋት። ሳላስብ ያደረግሁት ማጥፋቱን ነው። መደበቁን አስቤበት ነው።

ጋሽ አድማሱ ሲሞቱ ለለቅሶ ጌጫ ወጣን። በሣልስቱ ድንኳን ውስጥ ዘመዶቻቸው ያንን ሲዲ ከፈቱት። ብርቱካን ከወዲያ አባቷን እየጠራች ነው አሉ። ሴቶቹ ደረታቸውን ደቁ፣ «ድምጿ! ወይኔ ድምጿ!» እያሉ። ወይንሸት ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ መሃላቸው ተቀምጣ ነበር። ተነሥታ ወጣች። ስንመለስ ግማሽ መንገድ ላይ «ሞቼ የተለቀሰልኝ መሰለኝ» አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ለገዛ ልጆቿ እንኳ አንጎራጉራ አታውቅም። የአንዲት ሴት ድምፅ በጣቴ፣ የሌላዋን በአንደበቴ አጠፋሁ።

እመቤት አሁን ቴፒ ትማራለች። ሚዛን ስትመጣ እኛ ጋ ታርፋለች፤ እኔን ጋሼ፣ ወይንሸትን እትዬ ትላለች። ባለፈው ወር ምሳ በልተን ስንጨርስ «የእናቴ ድምፅ አለኝ ይሉኛል» አለችና ያንን ዜማ ዘፈነችልን። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ስትደርስ መሃል ላይ ቆርጣ ተነፈሰች። ልጅቷ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ጤነኛ ናት፣ ትንፋሽ አላጠራትም። ወይንሸት ሳህኖቹን ሰብስባ ወጣች።

ከዚያ እመቤት ጠየቀችኝ። ዘፈኑ በአራት መስመር እንደተቀረጸ አያቷ ነግረዋታል። «ጋሼ፣ ክራሩን አጥፍተህ የእናቴን ድምፅ ብቻ ለይተህ ታወጣልኛለህ? ብቻዋን ልስማት።» ስትመለሺ እሰጥሻለሁ አልኳት።

የወይንሸት ድምፅ ለብቻው ኮምፒውተሩ ውስጥ ተቀምጧል። ፍላሽ ላይ መገልበጥ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልገለብጠው ነበር። ፍላሹን ሰክቼ ተቀምጬ ሳለ ወይንሸት በሩ ላይ ቆመች።

«እኔን አትስጣት» አለችኝ።

አሥራ አንዷን ሰከንድ ገለበጥኩ። እሷን ብቻ።

እመቤት ዛሬ ጠዋት መጣች። ቁጭ አድርጌ ልነግራት ቃሉን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ ይህን ሁሉ ለእናንተ የነገርኩትን ማለቴ ነው። ቴፒ የሚሄደው አውቶቡስ ሊወጣ ነው ብላ ተጣድፋ በር ላይ ቆመች። እኔም ችኮላዋ ደስ አለኝ። ፍላሹን እጇ ላይ አድርጌ «የእናትሽ ድምፅ ነው፣ ብቻዋን» አልኳት። በዚህ ሁሉ ዓመት ስለ ብርቱካን የተናገርኩት የመጀመሪያ እውነት ይህ ነው፤ እሱንም በግማሽ ተናገርኩት። የቀረውን ልጅቷ ብቻዋን፣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ እንድታገኘው ተውኩላት። እናቷን በምትሰማበት በዚያው ቅጽበት የሌላ ሴት ድምፅ ልጅ ሆና እንደኖረች ታውቃለች።

ይቅር ሊለኝ የሚችለው ሰው ጌጫ ተቀብሯል። ከእናንተም አልለምንም፤ ምሕረት አውርዱልኝ ብል ያው የለመድኩትን ማር መብላት ነው።

እመቤት ፍላሹን ደረቷ ላይ ይዛ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አለች። ዝቅ ብላ ጉልበቴን ሳመችኝ። አልከለከልኳትም።