በፍልሰታ የተጠጣ ወተት

እማማ ብርቄ ያን ቀን ገደፉ ወይስ ጾሙ? ዛሬም መልሱን አላውቅም።

ወተት ሲገነፍል በሸተተኝ ቁጥር ልደታ ያለው የልጅነት ግቢያችን ይመጣብኛል። ፍልሰታ ነበር። በጾም አጥባቂነታቸው ሰፈሩ የሚፈራቸው እማማ ብርቄ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ ታማ የተኛችውን ጎረቤታችንን አስካለን ወተት ጠጪ እያሉ ይለማመጧታል። እሷ አሻፈረኝ አለች።

«እርስዎ እየጾሙ እኔ ልግደፍ?»

እማማ ኩባያውን አንስተው ጎንጨት አሉላት።

«ይኸው! አሁንስ ምን ትያለሽ?»

አስካለ እየሳቀች ተቀበለቻቸው። እማማ ዞር ሲሉ በር ላይ አዩኝ፤ ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል።

«አንቺ ቀበጥ፣ ትንፍሽ ትዪና!»

እስኪሞቱ ትንፍሽ አላልኩም። ባለፈው የግንቦት ልደታ ግን ለንስሐ አባቴ አጫወትኳቸው። ጺማቸውን እየዳበሱ፣

«ልጅቱስ ዳነች?» አሉኝ።

«ድና፣ ወልዳ ከብዳለች።»

አባ ሳቃቸው አመለጣቸው።