በፀረ ነገር የምትጓዘው መርከብ

ድርሰቴ ተመረጠ! በሚመጣው እሑድ፣ በወላጆች በዓል፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ባለው ትምህርት ቤታችን ሜዳ ላይ ራሴ ቆሜ ላነበው ነው። ይህን የነገሩኝ ለአንድ ዓመት አገልግሎት ከዩኒቨርሲቲ የመጡት የሳይንስ አስተማሪያችን ናቸው። እኔም "እሺ" ብዬ ረጋ ብዬ ተቀመጥኩ። የተቀመጥኩት በጓደኛዬ ቆሎ ላይ ነበር።

ድርሰቱ ከኮከብ ወደ ኮከብ ስለምትጓዝ መርከብ ነው። አስተማሪያችን "አንቲማተር" የሚባል ነገር እንዳለ አስተምረውናል፤ ከተራው ነገር ጋር ከተነካካ ሁለቱም ድራሻቸው ይጠፋና ብርሃን ይሆናሉ። እሱን የመርከቤ ነዳጅ አደረግሁት። አማርኛ ስም ስለሌለው "ፀረ ነገር" አልኩት። በስሙ በጣም ኮራሁ። በእኛ አገር ነገር ማለት ሙግት መሆኑን ግን በደስታ ብዛት ረስቼዋለሁ።

አባቴ ገብስ ያርሳሉ፤ ከእርሻ በሚተርፋቸው ጊዜ ደግሞ ከታላቅ ወንድማቸው ጋር በማሳ ድንበር ይሟገታሉ። ሙግቱ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል።

በማግስቱ አባቴ ከገበያ ሲመለሱ ፊታቸው ጠቁሯል።

"ስለ ፀረ ነገር ጽፈሻል አሉ።"

"አዎ፣ አባባ።"

"የእኔንና የአጎትሽን ነገር አደባባይ ልታወጪው? አታነቢውም!"

ደስታዬ ሁለት ቀን እንኳ ሳይሞላው ሊቀር ነው። "እባክዎ፣ አንዴ ይስሙኝና ይከልክሉኝ" ብዬ ደብተሬን አወጣሁ። ነገርና ፀረ ነገር የሚገናኙበት ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

"ቆይ። ማን ረታ?"

"ማንም። ሁለቱም ጠፉ።"

"ይግባኝስ?"

"የለውም፣ አባባ።"

"መሬቱ ለማን ቀረ?"

"ጠፈር ነው፤ መሬት የለም።"

"ድንበርስ?"

"እሱም የለም።"

አባቴ ወደ ደብተሬ ጠጋ አሉ።

"ታዲያ እዚያ ያሉ ሰዎች ምን ሲሠሩ ይውላሉ?"

"ይጓዛሉ።"

ወደ ማሳው አየት አደረጉና "እንግዲህ አንብቢው" አሉ። "ለዚያ ለአጎትሽም ንገሪው፤ መጥቶ ይስማ። ግን ከእኔ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ተነካክተን ብርሃን እንዳንሆን።"

እየሮጥኩ ሄጄ ለአጎቴ ነገርኳቸው።

"መዝገቤን ልያዝ?" አሉ።

"አያስፈልግም፣ ጋሼ።"

"እመጣለሁ። አባትሽ ግን ጫፍ ላይ ይቀመጥ።"

ስለዚህ እናንተም እሑድ ከቅዳሴ መልስ ኑልኝ። ፊት ለፊት አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ፤ አባቴ በአንዱ ጫፍ፣ አጎቴ በሌላው ጫፍ ይቀመጣሉ። መካከሉ ባዶ ነው። ቢያንስ ሦስት ሰው ያስፈልገኛል፤ ወፈር ያላችሁ ብትሆኑ ደግሞ ደስ ይለኛል።