አስራ አንድ ቁጥር ክትፎ

ልጄ ለኮሌጁ ቅርጫት ኳስ መጫወት ከጀመረ ወዲህ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ያገኘኝ ሐበሻ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር፦ «ስንት ይከፍሉታል?» ገንዘብ አይከፍሉትም፣ ትምህርቱን፣ መኝታውንና ምግቡን ይችሉታል ስል የሚያምነኝ አልተገኘም። በቴሌቪዥን የሚታይ ልጅ፣ የሚለብሰው ቁጥር በማሊያ ላይ ታትሞ የሚሸጥ ልጅ እንዴት ባዶ እጁን ይቀራል? አንዷማ «ቡዳ አይደለንም፣ ንገሪን» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ጥርጣሬያቸውን አልጠላሁትም። አሌክሳንድሪያ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ የማጥፍ ሴት ነኝ፤ ሰው «ደብቃ ነው እንጂ ሀብታም ናት» ብሎ ሲያማኝ ደስ ይለኝ ነበር።

በልጄ ከእኔ በላይ የሚኮሩት ሲልቨር ስፕሪንግ ሬስቶራንት ያላቸው እትዬ ነበሩ። በዲቪ የመጣሁ ሰሞን መጀመሪያ ሥራ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ሽንኩርት ስከትፍ ልጄ ያደገው በወጥ ቤታቸው ውስጥ ነው፤ ከፍለን በልተንም አናውቅም። ቴሌቪዥን ላይ ሲያዩት ጊዜ ከኮሌጁ ሱቅ አስራ አንድ ቁጥር ማሊያ ገዙ፣ ከፎቶው ጋር በመስታወት አስገጥመው ገንዘብ መቀበያው በላይ ሰቀሉት። በዚህም አላበቁም። ሜኑው ላይ «አስራ አንድ ቁጥር ክትፎ» የሚል ገባ። ከሌላው ክትፎ የሚለየው አይቡ በዛ ማለቱ ብቻ ነው፤ ግን እንደ ጉድ ተሸጠ።

በጥር ወር አንድ እሑድ ቀን ከካምፓሱ ይዤው ወደ እሳቸው ቤት ሄድን። ተስተናጋጁ ብድግ ብድግ አለ። እትዬ ስመው አልጠግብ አሉና «የራስህን ክትፎ ላምጣልህ?» አሉት። ሽሮ ይበቃኛል አለ። ሥጋ ወዳድ ልጅ ሽሮ ሲያዝ ገረመኝ። በልቶ ሲጨርስ አስተናጋጇን ቢል አምጪ አላት።

እትዬ ከሩቅ ሳቁ። «ሂድ ወዲያ፣ አንተ ደግሞ።»

ልጄ ተነስቶ ወደ እሳቸው ሄደ። ቀስ ብሎ ሊናገር ሞክሯል፤ ግን ድምፁ ወፍራም ነው፣ ቤቱ ሁሉ ሰማው።

«እትዬ፣ ፍሪ መብላት አልችልም። ሩል አለ። ተጫዋች ስለሆንኩ ሰው የሚሰጠኝ ነገር ክልክል ነው። ፎቶውንም ፕሊስ ያውርዱልኝ፣ የክትፎውንም ስም። ኮቹ ሰምቷል። ካልወረደ ላልጫወት እችላለሁ፣ ስኮላርሺፑም ይሄዳል።»

መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ ብዬ ተመኘሁ።

«ማሊያውን ከራሳቸው ሱቅ ነው እኮ የገዛሁት» አሉ እትዬ። «ለአንተ ምን ደረሰህ?»

«ምንም።»

«እነሱ በአንተ ሲነግዱ ሩል የለም፣ እኔ አንድ ሽሮ ላብላህ ስል ነው ሩል የሚመጣው?»

«አዎ» አለ። ምን ይበል? ሩሉን እሱ አላወጣውም።

እትዬ ወንበር አስጠግተው፣ የማንንም እርዳታ እምቢ ብለው፣ ራሳቸው ወጥተው መስታወቱን አወረዱት። ከበስተጀርባዬ ያሉት ሽማግሌዎች ወዲያው ክርክር ገጠሙ። አንዱ፣ አዳራሽ የሚሞላው በልጆቹ ላብ ነው፣ ሊከፈላቸው ይገባል አሉ። ሌላው፣ ትምህርት በነፃ እያገኘ ምን ጎደለው፣ ገንዘብ ከያዘ ደብተር አይዝም አሉ። የእኔን ልጅ እያዩ፣ እኔ እየሰማሁ፣ ፓርላማ የገቡ ይመስል ይሟገቱ ነበር። መሐሉ ላይ ቢሉ መጣ። ልጄ ከኪሱ የተጨማደዱ ዶላሮች አውጥቶ ከፈለ። ባሳደገን ቤት እንደ መንገደኛ ሒሳብ ከፍለን ስንወጣ ቀና ብዬ ሰው ማየት አቃተኝ።

ፓርኪንጉ ጋ ስንደርስ እትዬ በዚያ ብርድ ያለ ካፖርት ተከትለውን መጡ። «አንቺ እንኳን ተጫዋች አይደለሽም» አሉና የታሰረ ፌስታል አስታቅፈውኝ፣ ማመስገኛ ጊዜ ሳይሰጡኝ ተመለሱ።

መኪና ውስጥ ፌስታሉን ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። ከፍቶ አየው፤ ክትፎ ነው። መልሶ ዘጋው።

«ያንቺ ነው፣ ማሚ።»

«የእኔ ከሆነ ለፈለግሁት እሰጣለሁ። ከእናትህ እጅ አትብላ የሚል ሩል ካለ አምጣና አሳየኝ።»

ፈገግ አለና ጀመረ። ቤልትዌይ የሚሉት አውራ ጎዳና ሳንገባ አለቀ። አቀርቅሮ፣ ሳያወራ፣ ሳያርፍ ነው የበላው። ስንት ዓመት ወጥ ቤት ሠርቻለሁ፣ ለጣዕም የሚበላና ርቦት የሚበላ ሰው አይጠፋኝም።

«ካፍቴሪያ አትበላም እንዴ?»

«ፕራክቲስ ሳንጨርስ ይዘጋል።»

«ታዲያ ምን ትበላለህ?»

«አንዳንዴ ቺፕስ። አንዳንዴ ዝም ብዬ እተኛለሁ።»

«ለምን ኮል አላደረግክልኝም?»

«ሥራ ላይ ነሽ።»

ሬስቶራንት ውስጥ የተሰማኝ እፍረት ለካ ቀልድ ኖሯል። የብርዱን ወራት ሙሉ ከፍሎ በገባ ሕዝብ መሐል ሲሮጥ በቴሌቪዥን እያየሁ፣ ለጠየቀኝ ሁሉ ምግቡን ይችሉታል ስል ነበር። እኔ ሐሜቱ ሲጥመኝ ልጄ ጦሙን ያድር ነበር። ሽሮም ያዘዘው ለመክፈል የሚበቃው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። መሪውን ጨብጬ መንገዱን ብቻ አየሁ፤ ወደ እሱ መዞር አፈርኩ።

ካምፓሱ በር ላይ አቆምኩ። በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን ካወረደ በኋላ ዞረ።

«ማሚ፣ ርቦት ነበር ብለሽ ለእትዬ እንዳትነግሪያቸው።»

«ለምን?»

«አፍራለሁ።»

ቁመቱን ከአባቱ ነው የወሰደው ይሉኛል። ይሄንን ግን ከእኔ ነው።