ደሴ ምሳዬን የጠበቀች ቀን

ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ ዛሬም ፊደል እለቅማለሁ። ነጠብጣቡ ትርጉም እንደሌለው መች አጣሁት? ግን አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ አንዱን ፊደል ከሌላው ሳጋጥም እገኛለሁ፤ አንዳንዴም ደህና ቃል ይወጣልኛል። ልጆቼ «እማማ ጃጁ» ይላሉ። ይበሉ።

ባለቤቴ ስልከኛ ነበሩ፤ ቴሌግራም በሞርስ ይልኩና ይቀበሉ ነበር። ጣሊያን በወጣ በጥቂት ዓመት ከደሴ ወደ መቀሌ ሲዛወሩ፣ እኔም አዲስ ሙሽራ ሆኜ ተከተልኳቸው። በዕድሜ ብዙ ስለሚበልጡኝ አንቱ እላቸው ነበር። የተሰጠን ቤት ከስልክ ቤቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል። እሳቸው ከግድግዳው ወዲያ ሲመቱ እኔ ወዲህ ሽንኩርት እከትፋለሁ። ትግርኛ አላውቅም፤ ከጎረቤትም የለመድኳቸው አንዲት አሮጊት ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የሚያናግረኝ ያ ግድግዳ ነበር።

ፊደል ያስቆጠረኝ አባባ ነው። «ሴት ልጅ ፊደል ምን ያደርግላታል?» ሲሉት፣ «የራሷን ደብዳቤ ራሷ ታንብብ» ይላቸው ነበር። እሱ ያስለመደኝ አመል ነው እንግዲህ፣ በባለቤቴ ጠረጴዛ ላይ የሞርስ ፊደል በነጥብና በሰረዝ የተጻፈበትን ወረቀት ሳይ እንዳላየሁ ማለፍ አልሆነልኝም። ቢሮውን ልጠርግ ስገባ በቀን ሁለት ሁለት ፊደል ሰርቄ እወጣለሁ። በሁለተኛው ክረምት ግድግዳው አማርኛ መናገር ጀመረ።

ለባለቤቴ አልነገርኳቸውም። የመንግሥት ምስጢር ነው ብለው ከግድግዳው እንዳያርቁኝ ፈራሁ፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ጣፍጦኝ ነበር። ማን እንደተሾመ፣ ማን እንደተሻረ፣ የየትኛው ነጋዴ ጨው መንገድ ላይ ዝናብ እንዳገኘው ከከተማው ሰው ሁሉ ቀድሜ እሰማለሁ። ከአፌ ግን አንድም አልወጣም። ውጭ ግመሎቹ ጨው ተጭነው ቀስ እያሉ ሲያልፉ እያየሁ፣ እነሱ ገና አቀበቱን ሳይወጡ ወሬያቸው ደሴ ገብቷል እያልኩ ብቻዬን እስቅ ነበር።

መቺ ሁሉ የእጅ ጠባይ አለው። የደሴው ሰውዬ ከየቃሉ በፊት፣ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው ትንሽ ያመነታል። መልኩን አይቼው አላውቅም። የአገሬን ወሬ የሚያመጣልኝ እሱ ነበርና እወደው ነበር። ባሌ ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር!

አንድ ቀን ባለቤቴ ስለ ሥራቸው ሲያጫውቱኝ እንዲህ አሉኝ፤ «ሌላ ሰው ዘመድ ሲሞትበት ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ እህል መቅመሱን ጠይቆ ጎህ ሲቀድ ያረዳዋል። ስልከኛን ግን የሚያረዳው የገዛ ጆሮው ነው። ስለዚህ እኛ እርስ በርሳችን ሥርዓት አበጀን። ሐዘኑ የስልከኛው የራሱ ወይም የቤተሰቡ ከሆነ፣ ላኪው አስቀድሞ እህል መቀመሱን ይጠይቃል። እስኪበላ ድረስ አይልክም።» ደንብ መጽሐፉ ላይ የለም አሉ፤ አለቆቹም አያውቁትም።

በዚያ ክረምት አባባ ታመመ። መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ ስለነበር፣ መስቀል ሲያልፍ አንድ የጭነት መኪና ነጂ ደሴ ሊያደርሰኝ ቃል ገባልኝ። ጓዜን አስሬ ቀን እቆጥር ነበር። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም፤ አባባ በሕይወት ሳለ ልድረስበት ብቻ።

መስከረም በገባ በሳምንቱ፣ ቀትር ላይ ሽሮዬን ጥጄ እያማሰልኩ ሳለ የደሴው እጅ መጣ። አመነታ። ከወትሮው አብልጦ አመነታ። ከዚያ፣ «ባለቤትህ እህል ቀምሳለች?» አለ።

ማማሰያው እጄ ላይ ቀረ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የኔ ግን ባዳ አልሆነልኝም። ባለቤቴ ከግድግዳው ወዲያ በዝግታ «አልበላችም» ብለው ሲመቱ ሰማሁ። ደሴ መለሰ፤ «እጠብቃለሁ።»

ባለቤቴ ፊታቸውን ታጥበው ገቡ። «ዛሬስ አብረን እንብላ፣ ርቦኛል» አሉ። በዚያ ሰዓት ቢሮ ጥለው ገብተው አያውቁም። አቀረብኩ። ሁለቴ አጎረሱኝ፤ እሳቸው ግን ዳር ዳሩን ይነካኩ ነበር። እንዳላወቅሁ ሆኜ በላሁ። እየበላሁም ያ ሽቦ ታየኝ፤ ከደሴ ተነስቶ ወልድያን፣ አላማጣን፣ ማይጨውን አልፎ፣ እንጨት በእንጨት እስከ ጣራችን ድረስ ዝም ብሎ ተዘርግቷል። ወፎች ተደርድረውበታል። በጫፉ አንድ ሰው እጁን ከመምቻው በላይ ይዞ ይጠብቃል። እኔ እያኘክሁ እስካለሁ ድረስ አባባ አልሞተም።

«ልጨምር» አልኩ። ባለቤቴ ደስ አላቸው፣ የዋህ! እንደገና ጨመርኩ። ሆዴ እምቢ እያለ ሦስት እንጀራ ጨረስኩ። በመጨረሻ ትሪው ባዶ ሆነ። ከባዶ ትሪ ምን ይጎረሳል?

እሳቸው ወደ ቢሮ ሲመለሱ እኔ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ሙቀጫ ይዤ በርበሬ ወቀጥኩ፣ ግድግዳው የሚለውን እንዳልሰማ፤ ያለ የሌለ ጉልበቴን ይዤ ወቀጥኩ። ለዓይኔ እንባም በርበሬው ምክንያት ሆነልኝ።

ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች መጡ። ጎረቤቴ አሮጊቷ ክንዴን ያዙና፣ «ኣጆኺ ጓለይ፣ አይዞሽ ልጄ፤ አባትሽ ዐርፈዋል» አሉኝ። ጮህኩ። አስመስዬ አልነበረም። በሰው አፍ እስኪነገረኝ ድረስ ለካ አንድ ጥግ ይዤ ተስፋ አደርግ ኖሯል።

ሠልስቱ ባለፈ ማግስት፣ ባለቤቴ ከመምቻው ፊት ተቀምጠው ሳለ ቢሮ ገባሁ። «ይነሱልኝ» አልኳቸው። ግራ ገብቷቸው ተነሱ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መምቻውን ነካሁ፤ ጣቴ እየተደናቀፈ፣ ፊደል እየደገመ ወደ ደሴ መታሁ። «በልቻለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ባለቤቴ ግድግዳውን አዩ፣ እኔን አዩ። ሁሉም ገባቸው፤ ሦስቱ እንጀራም ጭምር። ጋቢያቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

ደሴ እንደ ልማዱ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔም ሳልበላ ነው የጠበቅኩሽ» አለ።

ባለቤቴ እንደ ልማዳቸው የመጣውን መልእክት ሊጽፉ እርሳሱን ሲያነሱ እጃቸውን ያዝኩ። ይኼኛውን ራሴ አንብቤዋለሁ።