ደረት ላይ የከረመ ልጅ

የኤሌክትሪክ ማሞቂያው ቀይ ሽቦ ቀንም ሌሊትም አይጠፋም ነበር። ልጄ ከወሯ በፊት የወለደቻት ሕፃን የምትተኛው በእሱ አጠገብ ነው። ከሆስፒታል በወጡ ሰሞን መብራት ሊጠፋ ነው፣ ከጠፋም ለወራት አይመለስም የሚል ወሬ ደብረ ታቦርን ሞላው። ወፍጮ ቤቱ ሳይቆም ጤፉንና ገብሱን አስፈጨሁ። ቧንቧው ሳይደርቅ በርሜሎቹን ሞላሁ። ከሰልና ጧፍ ገዛሁ። ልጄ ግን ማሞቂያውን እያየች፣ «እማ፣ ይኼ ሲጠፋ ምን ልናደርጋት ነው?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ልጅነቴ መጣብኝ። ከጋሳይ ከተማ በላይ ባለው መንደራችን መብራት የሚባል ነገር አልነበረም። በክረምቱ መካከል እናቴ ወንድሜን በሰባት ወሩ ወለደችው። ቤቱ የረጠበ ሣርና የበግ ለምድ ይሸታል። ወንድሜ ከክንዴ አይበልጥም፤ ልቅሶው የጫጩት ድምፅ ያህል ነበር። የተፈራው ሞቱ ብቻ አልነበረም። አርባ ቀኑ ሳይደርስ፣ ክርስትና ሳይነሣ እንዳይሄድ ነበር።

ብርዱ እንዳይገድለው ብዬ ያገኘሁትን እንጨት ሁሉ ምድጃው ላይ ከመርሁት። ቤቱ በጭስ ታፈነ። አዋላጇ እትዬ አትጠገብ እያሳሉ ገቡና እንጨቱን ጎትተው አወጡት።

«ምነው ልጄ፣ ቋንጣ መሰለሽ የምታጨሺው?»

ቀሚሴን እስከ ወገቤ አውርደው ሕፃኑን ራቁቱን ደረቴ ላይ አስተኙት። ከዚያ በባዘቶና በጋቢ አንድ ላይ ጠቀለሉን። «እናትሽ ብዙ ደም ፈሷታል፣ ትተኛ። ምድጃው አንቺ ነሽ። እንዲህ ያለው ልጅ መተንፈስ ይረሳል። ሲረሳ ውስጥ እግሩን ኮርኩሪና አስታውሺው።»

ከሰዓት በኋላ ረሳ። ዝናቡ በርትቶ ነበርና ትንፋሹን በጆሮዬ ሳይሆን በቆዳዬ ነበር የምከታተለው። ቀጥ አለ። ውስጥ እግሩን ኮረኮርሁት፤ አልተንቀሳቀሰም። በጥፍሬ ጫርሁት። «እመቤቴ» ከማለት በቀር ቃል አልመጣልኝም። ሰውነቱ ድንግጥ አለና ማልቀስ ጀመረ።

እናቴ ከመደቡ ላይ «ምን ሆነ?» አለች።

«ምንም፤ ርቦት ነው» አልኋት።

እናቴ፣ አክስቴና እኔ እየተቀባበልን ለአርባ ቀኑ አደረስነው። አባቴ ግን አልነኩትም። ደግ ሰው ነበሩ፤ ግን በእኛ አገር ወንድ ሰው ጨቅላ አያቅፍም። ደጅ ቆመው «አለ?» ይላሉ። «አለ» እንላቸዋለን። ሞፈራቸውን ተሸክመው ይሄዳሉ። ቄሱ ሕፃኑን ከውኃው ሲያወጡት ነው አንገታቸውን ደፍተው ሲያለቅሱ ያየኋቸው።

ለልጄ ይህን ሁሉ አልነገርኋትም። «ልብስሽን አውልቂ» ብዬ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አሰርሁላት። ብዙ ሳይቆይ መብራቱ ሄደ። የማሞቂያው ሽቦ ሲጠቁር እኔም፣ ልጄም፣ ባሏም የሕፃኗን እጅ ነካን። ትሞቅ ነበር።

ሲሰነብት ልጄ ተቀምጣ እያንቀላፋች አስቸገረች። እንዳልቀበላት እኔን ጉንፋን ይዞኛል። ምን ላድርግ ስል ባሏ የሸሚዙን ቁልፍ መፍታት ጀመረ።

«ለእኔ ስጡኝ፣ እማማ። እኔም ደረት አለኝ።»

«ፀጉርህ እንዳይወጋት» አለችው ልጄ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«አባቷ ነኝ፤ ትልመደው።»

አሰርሁለት። ግድግዳውን ተደግፎ፣ ትንፋሿን እንዳያጣ የራሱን እየያዘ ተቀመጠ። እስከ ማታ ከዚያ አልተነሣም። ሕፃኗ ዛሬ ጉንጭ አውጥታለች፤ ክርስትናዋም ቀርቧል። እግዚአብሔር ይመስገን።

የልጄን ባል ባየሁ ቁጥር አባቴን አስባለሁ። ያን ክረምት አንድ ሰው «ይግቡና ልብስዎን ያውልቁ» ቢላቸው ኖሮ እምቢ የሚሉ አይመስለኝም። ማንም አላላቸውም።