ወንዝ የማይሻገር ማር

እናቴ ጡቷ ላይ የወጣውን እብጠት ያሳየችኝ፣ ሽሮ እየነፋች ስለ ሌላ ነገር እንደምታወራ ሆና ነው። ሽምብራ ያክል ነበር። የደብረ ታቦሩ ሐኪም ደብዳቤ ጽፎ ማኅተም መታበትና፣ «ሳይሰራጭ ጎንደር ትሂድ፤ መውጣት አለበት» አለኝ።

ያን ዓመት በቀበሌያችን የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ነበርኩ፤ እናቴም ከተማሪዎቼ አንዷ ናት። ፊደሉን ገና አልጨረሰችም።

«ወረቀቱ ምን ይላል?» አለችኝ።

«ማር ትብላ ይላል» አልኳት።

ዋሸሁ። ጎረቤታችን ለዚሁ ሕመም ጎንደር ሄዳ ሬሳዋ ነበር የመጣው። ፈራሁ።

ከዚያ ወዲያ መቀመጫ አጣሁ። አንድ መሪጌታ፣ «የእብናት ማር ከጥቁር አዝሙድ ጋር ደም ያበረታል፤ ነቀርሳንም ካለበት እንዳይዛመት ይይዘዋል» አሉኝ። ልሮጥ ስል ጠሩኝ። «መድኃኒት ወንዝ ከተሻገረ ይረክሳል፤ እወቂ።»

እብናትና እኛ መካከል የርብ ወንዝ አለ። ማሩ መሻገር ካልቻለ እናቴ ትሻገር አልኩና በቅሎ ለመንኩ። ጥቂት ማንኪያ ማር ለመቅመስ ደርሶ መልስ ሁለት ቀን። እንዲህ ስንመላለስ በጋው አለቀ። በየጠዋቱ እብጠቱን እዳስሳለሁ፤ ዛሬ አነሰ እላለሁ፣ በማግስቱ ባቄላ አክሎ አገኘዋለሁ።

«እጅሽን ሰብስቢ እንግዲህ፤ ሊጥ አደረግሽኝ እኮ» ትለኛለች።

ብብቷ ሥር ሌላ ሲወጣ ጎንደር ወሰድኳት። ዘግይታችኋል አሉን።

አሁን ሐኪም የሆነችው ልጄ፣ እንደ ማር ያሉ ተፈጥሯዊ ስኳሮች ሰውነት የካንሰርን መሰራጨት የሚከላከልበትን አቅም ያጠነክሩ እንደሆነ እየተመረመረ ነው ትለኛለች። ገና አልተረጋገጠም አሉ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ብግን እላለሁ። ቢረጋገጥስ? ማሩ ላይ ቂም የለኝም፤ ሐኪሙ ግን «ሳይሰራጭ ትሂድ» ብሎኝ ነበር፤ ያዘገየኋት እኔ ነኝ።

ልትሞት ሰሞን እናቴ ያንን ደብዳቤ ከትራሷ ሥር አወጣችው። ከሣጥኔ መቼ እንደወሰደችው አላውቅም። ጣቷን ከላይኛው መስመር ላይ አሳርፋ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀመች፣ «ጎንደር» ብላ አነበበች።

«ይችን ማንበብ ከቻልኩ ቆየሁ» አለች።

«ታዲያ እማዬ፣ ለምን ዝም አልሽ?»

ወረቀቱን መልሳ አጠፈችው።

«ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። አንብቤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብዬ።»